አፍ የሌለው ማጫወቻ

አዲሱ ማጫወቻ ከካርቶኑ ሲወጣ እማማ መጀመሪያ የፈለጉት አፉን ነው። ፊቱን አዩ፣ ጎኑን ዳሰሱ፣ ቀስ ብለው ጀርባውን ገለበጡት። የለውም። ነጭ፣ ልሙጥ፣ እንደ ረጠበ ሳሙና ከእጅ የሚያመልጥ ነገር ነው።

«ሲዲው በየት በኩል ነው የሚገባው?» አሉ።

«ሲዲ አይገባበትም እማማ። ጌሙን እዚሁ አወርደዋለሁ።»

«ከየት ነው የምታወርጂው?»

«ከኢንተርኔት ነዋ።»

«እና ይሄ አፍ የሌለው ዕቃ ምን በልቶ ያድራል?»

ጉንዳን በሳቅ ፍርስ አለች።

ጉንዳን የልጅ ልጃቸው ናት። ይህን ስም ያወጡላት አያቷ አባባ ናቸው፤ ገና በእግሯ መሄድ ስትጀምር ከራሷ የሚበልጥ ዕቃ ካላነሣሁ የምትል፣ ትራሱን ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ የሰው ጫማ ከሳሎን ኩሽና ስታመላልስ የምትውል ልጅ ነበረች። እናቷ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለሆነ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው በእማማና በአባባ እጅ ነው። አሁን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። የጥርስ ሐኪሞች በልክ የሚያዝዙትን ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። አባባ መነጽር ሠሪ ነበሩና፣ በሕይወት ሳሉ «እኔ ዓይን፣ አንቺ ጥርስ፤ አንድ ሙሉ ሰው ለማውጣት ትንሽ ነው የቀረን» ይሏት ነበር።

ቅዳሜ ቤት ትለቃለች። ለብቻዋ የተከራየችው አንድ ክፍል ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። እማማ ሄደው አይተውታል። መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው። የምድጃው ማጥፊያ ላላ ብሏል። ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አምፖሉ ተቃጥሏል። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ሰጥተዋታል፤ አነበበችው፣ ሳመቻቸው፣ ወረቀቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አምፖሉን ግን እስካሁን ማንም አልቀየረውም።

«ጌሞቹ የሚቀመጡት ክላውድ ላይ ነው» አለች ጉንዳን፣ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ጋር እያገናኘች። «ክላውድ ማለት ደመና ነው። ስፈልግ አወርዳለሁ፣ ስጨርስ አጠፋለሁ፣ ደግሞ ሲያምረኝ አወርዳለሁ።»

እማማ ይህን ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በዚህ ቤት ደመናና ጌም ተስማምተው አያውቁም። ልጅቷ ትንሽ እያለች ሰማዩ ገና ጠቆር ሲል፣ ነጎድጓድ ሳይሰማ፣ ሮጠው ማጫወቻውን ከሶኬት የሚነቅሉት እሳቸው ነበሩ። መብረቅ በሽቦ ተከትሎ ይገባል ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር። አባባና ጉንዳን ጆይስቲካቸውን እንደያዙ ጥቁር ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው ይቀራሉ። «ምነው እማማ፣ ልንጨርስ ስንል» ትላለች ልጅቷ። «ደመና መጣ» ይላሉ እማማ። ክርክሩ በዚያ ያልቃል።

«ያኔ ደመና ሲመጣ እነቅለው ነበር» አሉ። «አሁን ጭራሽ እዚያው ገብቶ ተቀመጠ በይኛ።»

«አዎ፣ አሁን አንቺም አትነቅዪውም።»

«ቢበተንስ?»

«ምኑ?»

«ደመናው ነዋ። ደመና አይደል? ይበተናል።»

«ኩባንያው አለ እማማ፣ እሱ ይጠብቀዋል።»

«ኩባንያው ቢዘጋስ? አይሆንም እንጂ፣ ወይ ደግሞ ከአንቺ ጋር ቢጣላስ?»

ጉንዳን ገመዱን አጥብቃ ሰካች። «እሱ እንኳ አንዳንዴ ያጋጥማል» አለች ወለል ወለሉን እያየች። «ግን ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።»

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» አሉ እማማ፤ ዓይናቸውን በሩ አጠገብ ወዳለው ሳጥን ወረወሩ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የልጅነቷ ጌም ሁሉ ነው። አርባ አንድ የሲዲ ቤት፣ አርባ ሲዲ። በዚህ ቤት የሲዲውን መያዣ «ቤት» ነው የሚሉት፤ የመነጽር መያዣን እንዲሁ ከሚጠሩበት ከአባባ ሱቅ የመጣ ቃል ነው። «ሲዲ ከቤቱ ውጭ አይደር» ነበር ሕጋቸው። ልጅቷ ሲዲ ጠረጴዛ ላይ ትታ ከተነሣች፣ «ይቺ ልጅ ምን አጥፍታ ነው ከቤቷ ያባረርሻት?» ይሏታል። ከአርባ አንዱ ቤት አንዱ ብቻ ባዶ ነው። ጉንዳን ሁሉንም ደርድራ በቴፕ ልታሽግ ነው፤ ሐሙስ ያገለገለ ጌም ወደሚገዛ ሱቅ ትወስዳቸዋለች።

«ምን አደረጉሽ?» አሉ እማማ። «አንድ ጥግ ቢቀመጡ ምሳ አይጠይቁ።»

«ጥግ የለኝማ። ክፍሉን አይተሽዋል። ደግሞ ሲዲ ይጫራል፣ ይጠፋል፣ ይሰበራል። የወረደ ነገር አይሰበርም።» ቴፑን በጥርሷ በጠሰችው። «እኔ ሲዲ ያስጠላኝ አባባ የወንዙን ከሰበረብኝ ጊዜ ጀምሮ ነው። እሱንም ባለፈው ዓመት ኮምፒውተሬ ላይ አወረድኩት። ይኸው፣ ማንም ከእጁ አይጥልብኝም።»

ይህን ያለችው በክፋት አይደለም፤ ፈገግ ብላ ነው። እማማ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ኩሽና ሄዱ፣ ያልጣዱት ውሃ ፈልቶ እንደሆነ ለማየት።

የወንዙን አባባ አልሰበሩትም።

ይህን የሚያውቁ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው፣ ራሳቸው አባባ፣ ካረፉ አምስት ዓመት ሆናቸው። የቀሩት እማማ ናቸው።

«የወንዙ» የሚሉት አንድ ጌም ነበር። ትክክለኛ ስሙ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ በዚያ ቤት በስሙ ጠርቶት የሚያውቅ የለም። ወንዝ ዳር አንዲት ትንሽ ቤት አለች። ዓሣ ይጠመዳል፣ ጎመን ይተከላል፣ ጣራ ይጠገናል፤ ወንዙ ይሞላል፣ ወንዙ ይጎድላል። ተኩስ የለው፣ ሩጫ የለው። ጉንዳን ከትምህርት ቤት፣ አባባ ከሱቃቸው ሲመለሱ አመሻሹ ላይ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እማማ ከኋላቸው ወንበር ላይ ሆነው አንሶላ ይጥፋሉ። የሆስፒታል የአንሶላ ክፍል ኃላፊ ነበሩና የተቀደደ አንሶላ ሲያዩ እጃቸው አያርፍም፤ በቤትም በሥራም ያው ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ውሃው ሽው ይላል፣ አልፎ አልፎ አንዲት ወፍ ሦስት ጊዜ ትጮኻለች።

«ወደ ጠርዙ አትጠጉ» ይላሉ እማማ፣ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ። «ውሃ ነው፣ ይወስዳችኋል።»

አባባም ሳይዞሩ «እሺ» ይሉና የቴሌቪዥኑን ሰውዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያስኬዱታል።

የጆይስቲኩ ቁልፎች ምልክት ስለሚምታታባቸው አባባ በመነጽር ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፈው ነበር። «ክቡ፦ መንጠቆ ጣል። መስቀሉ፦ ሳብ። ሦስት ማዕዘኑ፦ ዘር። አራት ማዕዘኑ፦ ጉንዳንን ጠይቅ።» ወረቀቷን አጥፈው ሲዲው ቤት ውስጥ አኖሯት፤ በየቀኑ አውጥተው ያነቧታል፣ በየቀኑም ጉንዳንን ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ሲዲው ተጭሮ ወንዙ መሃል ላይ ቀጥ እያለ አላስጫውት ሲላቸው፣ ሱቃቸው ወስደው መስታወት በሚያለሰልሱበት መንኮራኩር ላይ አደረጉትና ይዘውት መጡ። ወንዙ እንደ ድሮው ፈሰሰ። አርባ ዓመት በዚያ ሥራ ሲቀመጡ አንድ መስታወት ከእጃቸው ወድቆ አያውቅም። ሰው እንኳ «እንደ መነጽር ሠሪው እጅ» እያለ ይምል ነበር።

ከዚያ ጉንዳን አሥራ አራት ዓመት ሞላት፣ ትልቁ ፈተናም መጣ። ልጅቷ ደብተሯን ትዘረጋለች፣ ዓይኗ ግን ወንዙ ላይ ነው። እማማ የሚበሉት አይወርድላቸው አለ። ትወድቃለች፣ ከወደቀች ተስፋ ትቆርጣለች፣ ተስፋ ከቆረጠች… እያሉ ልጅቷን ሃምሳ ዓመቷ ላይ አድርሰው ያለቅሱላታል። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጠዋት ተነሥተው ቤቱን ትተው ሲዲውን ከነወረቀቱ ደበቁት። ፈተናው ሲያልቅ ሊመልሱት።

መጀመሪያ ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተቱት፤ ዱቄት ያበላሸዋል ብለው ፈሩ። ፍራሽ ሥር አደረጉት፤ ይሰበራል ብለው ፈሩ። ሻንጣ ውስጥ አኖሩት፤ ጉንዳን ትከፍተዋለች ብለው ፈሩ። አራተኛው ይሁን አምስተኛው ቦታ ላይ የት እንዳደረሱት ለራሳቸውም ጠፋባቸው። ደብቀው፣ ደብቀው፣ ከራሳቸውም ደበቁት።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ባዶውን የሲዲ ቤት ይዛ ሳሎን መጣች። «የወንዙ የት ሄደ?»

እማማ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አባባ ቀደሙ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ላጸዳው ስል ከእጄ አመለጠኝ። ለሁለት ተሰበረ፤ ጣልኩት።»

ልጅቷ ሰባት ቀን ሙሉ አላናገረቻቸውም።

«ምን ማለትህ ነው?» አሏቸው እማማ፣ ያኑ ዕለት ወደ ደጅ ይዘዋቸው ወጥተው። «ታውቅ ነበር እንዴ?»

«ዱቄት የነካው እጅ ይዘሽ ስትዞሪ ሰነበትሽ፤ ዳቦ ግን አላየንም።»

«ታዲያ ለምን በራስህ ላይ…»

«ፈተና ላይ ናት። የምትበላው ከእጅሽ ነው። በአንቺ ከምትቆጣ በእኔ ትቆጣ፣ የእኔ ጀርባ ሰፊ ነው። ስትጨርስ ሲዲውን ታወጪዋለሽ፣ አብረን እንስቃለን።»

ፈተናው አለቀ። ጉንዳን በጥሩ ውጤት አለፈች። ሲዲው ግን የለም። እማማ ዱቄቱን በወንፊት ነፉት፣ ፍራሹን ቀደው ሰፉት፣ ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄደው የተጣጠፈ አንሶላ ሁሉ አራገፉ። የለም። «ደብቄ ጠፋብኝ» ለማለት ደግሞ ዛሬ ነገ እያሉ ቆዩ። አንድ ቀን ያደረ እውነት ይከብዳል፤ ዓመት ያደረማ ማን ያነሣዋል።

ጉንዳን አያቷን ይቅር አለቻቸው። ይቅርታዋ ግን ቀልድ ሆኖ ቤቱ ውስጥ ቀረ። አባባ ወደ ሲዲዎቹ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ «አባባ፣ እጅህን» ትላለች። እሳቸው ይስቁና ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ብርጭቆ ሲያነሡ «እጅህን»። ስልኳን ሊያዩ ሲሉ «እጅህን»። ኋላ ኋላ ጎረቤቱም ለመደው። አርባ ዓመት አንድ መስታወት ያልጣለ እጅ በገዛ ቤቱ ሰባሪ ተባለ። እማማ በሰሙት ቁጥር አባባን ወደ ኩሽና ይጠሯቸዋል።

«ዛሬስ እነግራታለሁ» ይላሉ።

«ተዪው» ይላሉ አባባ። «ኪሴ ይሞቃል።»

እንዲህ እያሉ ሞቱ።

አሁን ደግሞ ልጅቷ ቅዳሜ ትሄዳለች። ከሄደች በኋላ ይህ ነገር በስልክ የሚወራ አይደለም። እማማ ረቡዕ ራት ላይ ሞከሩ።

«ጉንዳን፣ ስለ ሲዲዎቹ…»

«አይሸጡ እንዳትዪኝ ብቻ።»

«አይደለም። ስለ አባትሽ…» ለልጅቷ ስለ አባባ ሲያወሩ «አባትሽ» ነበር የሚሉት። «እጁ እኮ… እጁ ጥሩ ነበር።»

«ለመነጽር ነዋ» አለች ጉንዳን፣ በፍቅር ሳቅ ብላ። «ለሲዲ ግን እግዜር ይማረው።»

እማማ የተረፈውን ምግብ ከደኑ። እንዲህ በባዶ እጅ ብነግራት፣ አሉ በልባቸው፣ ለሞተ ሰው ስም ስል የፈጠርኩት ይመስላታል። ሲዲው ቢኖር ኖሮ ሲዲው ራሱ ይናገር ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጉንዳን ሳጥኑን ስታነሣ እማማ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል።

«የት ነው?»

«እኔም እሄዳለሁ።»

«ሱቁ ደረጃ አለው እማማ።»

«ደረጃ አይቼ የማላውቅ መሰለሽ? ይልቅ ሳጥኑን በወገብሽ አታንሺው፣ በጉልበትሽ አንሺው።»

ሱቁ በጫማ ጠጋኝና በፎቶ ቤት መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ እስከ ጣራው ድረስ ሲዲ ነው። ባለ ሱቁ አርባዎቹን የተሻገረ ወፍራም ሰው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት። እማማን ሲያይ የፕላስቲክ ወንበር አቧራውን በክንዱ ጠረገላቸው።

«ይቀመጡ እናቴ። እርስዎም ጌም ሊሸጡ ነው?»

«እኔ ልጠብቃት ነው የመጣሁት።»

«ከእኔ?»

«ከሁሉም።»

ባለ ሱቁ ሳቀና ሳጥኑን ከፈተ። አሠራሩ ዝግ ያለ ነው። እያንዳንዱን ቤት ይከፍታል፣ ሲዲውን በጣቶቹ ጠርዝ ይይዛል፣ መብራት ሥር አዘንብሎ ጭረቱን ያያል፣ መልሶ ይዘጋና በግራ ወይ በቀኝ ይቆልላል። «ሰው ሁሉ እየሸጠልኝ ነው» አለ እየሠራ። «ሁሉም ማውረድ ሆኗል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ተመልሰው ሊገዙኝ ይመጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ።»

«ባይመጡስ?» አሉ እማማ።

«ያኔ እናቴ፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ ደመና ላይ እወጣለሁ።»

ቤቶቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ እማማ ያን ሁሉ ዘመን በደረቅ ፕላስቲክ ሽታው አወቁት። የመኪናው መጣ፤ ጎማው ሲንጫጫ ልጅ አለቀሰ ብለው ከኩሽና እየሮጡ የመጡበት። የኳሱ መጣ፤ አባባ በገዛ ግባቸው ላይ አግብተው እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው የጨፈሩበት። ከዚያ ሽፋኑ ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር የተለጠፈበት አንድ ቤት ወጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ባለ ሱቁ።

«ዘንዶ አለው» አሉ እማማ። «ዓይኑ ያስፈራ ነበር። ልጅቷ ይዛው ትተኛለች፣ በሕልሟ ይመጣባታል ብዬ ዓይኑን ሸፈንኩት።»

«ዘንዶው እስከዛሬ ዕውር ነው» አለች ጉንዳን።

ባለ ሱቁ ቀጠለ። «ይሄ ባዶ ነው።»

«አዎ፣ እሱ ተሰብሮ ነው። ቤቱን መጣል አሳዝኖኝ ነው የያዝኩት።» ጉንዳን የወንዙን ባዶ ቤት ተቀብላ በእጇ አገላበጠችው። «አያቴ ነው የሰበረው።»

እማማ ከወንበሩ ትንሽ ተነሡ፣ ደግሞ ተቀመጡ።

«ይሄኛውስ አዲስ ነው?» አለ ባለ ሱቁ።

«እሱን እንኳ ማንም ነክቶት አያውቅም። የሒሳብ ጌም ነው። እማማ ናት የገዛችልኝ፣ ሽፋኑ ላይ የምትስቅ ልጅ አይታ። ሒሳብ እየሠራ የሚስቅ ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም።»

ማንም ነክቶት አያውቅም። ይህ ቃል እማማ ጆሮ ውስጥ ገብቶ አንድ የተዘጋ በር አንኳኳ። አንድ ጠዋት፣ ሻንጣውን ከፍተው፣ ሲዲውን ይዘው ሳሎን መሃል ቆመው፣ ማንም የማይነካው ነገር በዚህ ቤት ምን አለ ብለው ያሰቡት…

ባለ ሱቁ ቤቱን ከፍቶ ቅንድቡን አነሣ። «እዚህ ሁለት ናቸው።»

ሁለት ሲዲ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቧል። በመካከላቸው እንዳይጫጫሩ የታጠፈ ወረቀት ገብቷል። ባለ ሱቁ የላይኛውን አንሥቶ መብራት ሥር ያዘው፤ ግንባሩ ላይ የነበረውን መነጽር አገኘና ዓይኑ ላይ አወረደው።

«ይሄን ማን ነው ያለሰለሰው?» አለ። «የማሽን ሥራ አይደለም፣ በእጅ ነው። እዩት፣ አንድ ቦታ እንኳ አልበላውም። እኔ ስንቱን አበላሽቻለሁ። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው ይሄን የሠራው።»

የጉንዳን ዓይን ሌላ ነገር ላይ ነው። ወረቀቷን ዘርግታለች። እማማ ከተቀመጡበት ሆነው ጽሕፈቱን ባያዩትም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አነበቡት፤ ክቡ፣ መስቀሉ፣ ሦስት ማዕዘኑ። አራት ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ቆመ።

«ተሰብሮ ነበር እኮ» አለች።

«አልተሰበረም» አሉ እማማ። ድምፃቸው ካሰቡት በላይ ወጣ። «እኔ ነኝ። ፈተናሽን ፈርቼ ደበቅኩት። ከዚያ የት እንዳደረግኩት ጠፋብኝ። አባትሽ አልጣለውም። ምንም ነገር ጥሎ አያውቅም።»

ባለ ሱቁ የቆለላቸውን ሲዲዎች ያለ ምክንያት ማስተካከል ጀመረ።

«አባባ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። በአንቺ ከምትቆጣ በእኔ ትቆጣ አለኝ። ጀርባዬ ሰፊ ነው አለኝ።»

«ሰባት ቀን አላናገርኩትም።» ጉንዳን ወረቀቷን አጠፈች፣ ደግሞ ዘረጋች። «ከዚያ ሁሉ በኋላ እጅህን እለው ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ውሃ ሲያነሣ እጅህን ብዬዋለሁ። ሳቀ እኮ።»

«ሳቀ።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እሱ በሕይወት እያለ?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ይሄን አሁን የምታዪኝበትን ዓይን።»

ጉንዳን ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው «ፈገግ በሉ» ሲል ተሰማ፤ ማንም ፈገግ አላለም። እማማ የቦርሳቸውን ማንጠልጠያ በጣታቸው እየጠቀለሉ ጠበቁ። መቆጣቷን አይተው ያውቃሉ፤ ይህኛው ቁጣ ግን ማንን እንደሚይዝ አልለየም።

ባለ ሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ከጠረጴዛው ሥር አንድ አሮጌ ማጫወቻ ጎትቶ አወጣ። አፍ ያለው ነው። ሲዲውን ዋጠው፣ አጉረመረመ፣ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ከፍ ብላ በተሰቀለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ውሃው ሽው አለ። ወፏ ሦስት ጊዜ ጮኸች።

ጆይስቲኩን ለጉንዳን ዘረጋላት። ወረቀቷን ሳታይ ክቡን ተጫነች፤ መንጠቆው በረረ። ሰውዬውን ወደ ውሃው አስጠጋችው፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ።

«ወደ ጠርዙ አትጠጊ» አሉ እማማ፣ ሳያስቡት።

ጉንዳን አልዞረችም። ጀርባዋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆሟል። ውሃው ፈሰሰ፣ ፈሰሰ። ከዚያ ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«እሺ» አለች፣ በቀጭኑ።

እማማ መሐረባቸውን ፈለጉ።

«ይሄ አይሸጥም» አለችው ጉንዳን ባለ ሱቁን፣ ፊቷን በእጇ ጀርባ ጠርጋ። «ሌላውን ውሰድ። ዕውሩን ዘንዶም መልስልኝ። የሒሳቡንም።»

«የሒሳቡን ምን ልታደርጊው?» አለ ባለ ሱቁ።

«ይቀመጥ። ጥሩ ጠባቂ ነው።»

«ቦታ የለኝም አላልሽም?» አሉ እማማ ቀስ ብለው።

«ለሦስት ይኖራል።» የወንዙን ሲዲ ከማጫወቻው አፍ ተቀብላ፣ ጠርዙን ብቻ ይዛ፣ አሥራ አራት ዓመት ባዶውን በቆየው ቤቱ ውስጥ አስገባችው። ቀጭ አለ። ወረቀቷን ከላዩ አደረገች። «አሮጌው ማጫወቻችን አለ አይደል?»

«አልጋ ሥር ነው። በሁለት አንሶላ ጠቅልዬዋለሁ። እርጥበት እንዳይገባው ሦስተኛም ልጨምር እያልኩ ነበር።»

«እሱንም እወስደዋለሁ።»

«ያወረድሽውስ? ደመናው ላይ ያለው?»

«እሱም ይቀመጥ። ጨዋታ ሲያምረኝ እሱን እጫወታለሁ፣ አይሰበርም።» ቤቱን ዘጋች። «ይሄኛው የአባባ ነው።»

ባለ ሱቁ የሌሎቹን ሒሳብ ሲሠራ ሦስቱ ጠረጴዛው ላይ ተደራርበው ቆዩ። ከላይ የወንዙ ነው። እማማ አዩት። ጠርዝ ላይ ነው ያለው፤ ሰው በክርኑ ቢገፋው ይወድቃል። ደግሞ መንገድ ላይ ሌባ አለ። ጉንዳን ትረሳለች፣ ዱሮም የትም ትጥላለች። ቦርሳቸው ውስጥ ቢያደርጉት፣ በመሐረብ ጠቅለል አድርገው፣ ቤት እስኪደርሱ ብቻ። እጃቸው ሳያዝዙት ተዘረጋ።

«እማማ» አለች ጉንዳን፣ ዞር ሳትል። «እጅሽን።»

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። የልጅቷን ፊት ሰረቅ አድርገው አዩት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከንፈሯ ዳር ግን ያቺ የጥንቷ ነገር ነበረች፣ አባባ ላይ ስታሾፍ የምትመጣው።

እማማ ሁለት እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። አባባ እውነታቸውን ነው። ይሞቃል።